አራተኛው ኩባያ

ካስፓር ዙምባክ የተበላሸ ወተት ሲጠጡ ልጃቸው ቬሬና ደረሰችባቸው። ጠዋት ነው። ገና ማዕድ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ሽታው አፍንጫዋን መታት። ካርቶኑን አንስታ ብትነቀንቀው ውስጡ ያለው ነገር ተጓጉሏል። አባቷ ግን ብርጭቆውን አጋምሰው፣ ከንፈራቸውን በእጃቸው ጀርባ እየጠረጉ ጋዜጣቸውን ያነባሉ።

«አባባ! ምን ነካዎት? ይሄ እኮ ተበላሽቷል!»

ሽማግሌው ብርጭቆውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ መልሰው ብርጭቆውን አዩ። «አውቃለሁ» አሉ። «ለሆድ ጥሩ ነው። አባቴ የኮመጠጠ ወተት ሳይጠጣ ከቤት አይወጣም ነበር።»

«አያቴ የሚጠጣው እርጎ ነበር። ይሄ እርጎ አይደለም፣ ይሄ የሞተ ነገር ነው።»

«እንግዲህ ያንቺ አፍንጫ ከእኔ አፍንጫ ከበለጠ፣ ጥሩ ነው» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው የምር አልነበረም። እልኸኛ ናቸውና ቀሪውንም አንስተው ጭልጥ አደረጉት። ቬሬና ካርቶኑን ማጠቢያው ላይ ገለበጠችው። ሌላ ሽማግሌ ቢሆን «እርጅና ነው» ብላ ታልፈው ነበር።

የካስፓር አፍንጫ ግን የማንም ሰው አፍንጫ አልነበረም። እኛ ጋ፣ በደቡብ ዊስኮንሲን፣ ሰው ሁሉ የሚያድረው በላም ነው፤ ስለ ካስፓር አፍንጫ ያልሰማ ደግሞ የለም። ወተት በጣሳ ይመጣ በነበረበት ዘመን፣ ጣሳዎቹ ከመኪና ሲወርዱ አንዱን በእግራቸው ገፋ አድርገው «የዚህ ሰውዬ ላሞች የዱር ሽንኩርት ግጠዋል፤ ለብቻ አስቀምጡት» አሉ። ክዳኑ እንኳ አልተከፈተም ነበር። ሰውየው ተናዶ ግጦሹ ላይ ሄዶ ቢያይ፣ ሽንኩርቱ በቅሎ አገኘው።

አባታቸው በድንጋይ የሠሩዋት ቤት መስቀለኛው መንገድ ላይ ዛሬም አለች። ውስጧ ከወለል እስከ ጣሪያ የእንጨት መደርደሪያ ነው። ብሪክ የሚባለው ፎርማጆ እዚያ ጣውላ ላይ ተቀምጦ፣ በጨው ውሃ በእጅ እየታሸ ይበስላል። የአካባቢው ትልቁ የፎርማጆ ፋብሪካ ቤቷን ከነሥራዋ ከገዛት ቆይቷል። ካስፓርንም አልጣላቸውም፤ ቀማሽ አድርጎ አስቀመጣቸው። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ለሳቸው የቀራቸው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ያቺ የድንጋይ ቤትና የቀማሽነታቸው ወንበር።

ያን ሰሞን ሁለቱም በቬሬና እጅ ወደቁ። የፋብሪካውን የመቅመሻ ክፍል የምትመራው እሷ ናት። ከሚልዋኪ የመጣው አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ግሬግ ፓዶክ ጠርቶ አስቀመጣት። ፓዶክ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው ተሰድቦ ይታለፋል።

«ቬሬና፣ የድንጋይ ቤቱ ጣሪያ ያፈሳል፤ ጣውላው በእጅ ይታጠባል፤ ሁሉ ነገሩ ወጪ ነው» አላት። «ፎርማጆው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከሚበስለው የተለየ መሆኑ ከታወቀ ጣሪያውን አሠራለሁ፣ ይሄው በፊትሽ። ካልታወቀ ግን እዘጋዋለሁ። በኔና ባንቺ ወሬ አይሁን፤ ቀማሾቹ ይለዩት።»

«ይሁን» አለች። ምን ትበል? ሰውየው ያለው ነገር ትክክል ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። አራት ዓይነት ብሪክ ይቀርባል፤ አንዱ የድንጋይ ቤቱ፣ ሦስቱ በፕላስቲክ ተጠቅልለው በተለያየ መንገድ የበሰሉ። ሰባት ቀማሾች አሉ፤ እያንዳንዳቸው አራቱንም ይቀምሳሉ። ማርክ ስጡ አይባሉም። ማርክ ማሰጠት ድሮ ተሞክሮ ጉድ ፈልቶ ነበር፤ ኦርቪል ቴስዳል የሚባለው ቀማሽ እናቱ የሠራችው ቢሆን እንኳ ከአሥር ከአራት በላይ አይሰጥም፤ አጠገቡ የምትቀመጠው ሴትዮ ደግሞ ሳሙናም ቢያቀርቡላት ዘጠኝ ትላለች። የሱ አራት ከሷ ዘጠኝ ጋር እንዴት ይደመራል? ስለዚህ የሚጠየቁት ደረጃ ብቻ ነው፤ የቱ አንደኛ፣ የቱ ሁለተኛ፣ የቱ ሦስተኛ፣ የቱ መጨረሻ። ሰው ማርክ መስጠት ቢያቅተው የሚበልጥበትን መናገር አያቅተውም።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ፎርማጆ የወጡለት ደረጃዎች ይደመራሉ። አራቱ እውነትም አንድ ዓይነት ከሆኑ አንደኝነቱም መጨረሻነቱም ለሁሉም ይዳረስና ድምሮቹ ተቀራርበው ይቀመጣሉ። አንዱ በእርግጥ የሚበልጥ ከሆነ ግን አንደኝነቱ እሱ ላይ ይከማቻል፤ ድምሩም አንሶ ከሌሎቹ ይርቃል። ምን ያህል ሲርቅ ነው «ይሄስ በአጋጣሚ አይደለም» የሚባለው? ያን የሚናገረው የፍሪድማን መመዘኛ የሚሉት ነው፤ ቬሬና ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ሄዳ የተማረችው ይሄንና ይሄን የመሰለውን ነው።

የመመዘኛው ክፋት ደግሞ ይሄውና። በሱ ፊት አንድ ቀማሽ አንድ ረድፍ ነው፤ የሊቁም ረድፍ የጅሉም ረድፍ እኩል ይቆጠራል። ውጤቱ ከታየ በኋላ ያልወደዱትን ረድፍ አውጥቶ መጣል ደግሞ ነውር ነው። ቀማሽ የሚበጠረው አስቀድሞ ነው። ሦስት ኩባያ ይሰጡታል፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ ሦስተኛው ሌላ፤ «ልዩውን አውጣ» ይሉታል። ስድስቱ ቀማሾች እንዲህ ተፈተኑ። ካስፓር ግን አልተፈተኑም።

«ጋሽ ካስፓርን ልትፈትኛቸው? በስተርጅና ዳቦ መቁረስ ታስተምሪያቸዋለሻ!» ብሎ ፓዶክ ሳቀባት። እሷም አብራ ሳቀች። ወተቱን ከማየቷ በፊት ነው ይሄ ሁሉ።

ወተቱን ባየችበት ቀን የመጀመሪያው ልምምድ ነበር። የመቅመሻው ክፍል በሳንቃ የተከፋፈለ ነው፤ ማንም የማንንም ፊት አያይም። የፎርማጆው ቀለም እንዳይለይ ቀይ መብራት ይበራል። በየቀማሹ ፊት ትንሽ መስኮት አለች፤ ቬሬና ከኋላ ካለው ክፍል ሆና በመስኮቷ አራት ጎድጓዳ ቦታ ያለው የእንጨት ሰሌዳ ታስገባለች። ጎድጓዶቹ ላይ ክዳን ያላቸው አራት ኩባያዎች ተቀምጠዋል፤ የተጻፈባቸው ቁጥር ብቻ ነው፤ ትርጉሙን የምታውቀው እሷ ናት። ቀማሹ ይቀምሳል፣ ይተፋል፣ ብስኩት ይነክሳል፣ ውሃ ይጎነጫል። ሲጨርስ ኩባያዎቹን ከግራ ወደ ቀኝ በደረጃ ደርድሮ ሰሌዳውን ይመልሳል፤ ግራ ጫፍ ያለው አንደኛ፣ ቀኝ ጫፍ ያለው መጨረሻ። መጀመሪያ ሲገቡ በምን ተራ እንደሚቀመጡ ለየቀማሹ በዕጣ ይወጣል።

የአባቷ ሰሌዳ ሲመለስ ኩባያዎቹ እንደገቡ ነበሩ። ይገጥማል ብላ አለፈችው። ሌላ ሰሌዳ፣ ሌላ ዕጣ አስገባች፤ እንደገቡ ተመለሱ። እንደገና አስገባች፤ ያው። በሁለተኛው ልምምድ ቀንም ያው ሆነ። ካስፓር እያንዳንዱን ኩባያ ከፍተው፣ ቀምሰው፣ በቦታው ይመልሱታል፤ አንዱንም አያንቀሳቅሱም። ቬሬና የመጨረሻውን ሰሌዳ ይዛ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። የአባቷ አፍንጫ ሞቷል። እሳቸውም ያውቁታል፤ አውቀውም ደብቀዋታል።

ዓርብ ወደ ማታ እንደ ወጉ ዓሣ ጥብስ ሊበሉ መሸታ ቤቱ ሄዱ። ኦርቪል ቴስዳል አብሯቸው ተቀመጠ። ኦርቪልና ካስፓር ከልጅነታቸው ጀምሮ ካርታ እየተጫወቱ፣ እየተሰዳደቡ ያረጁ ጓደኛሞች ናቸው። ዓሣው መጣ። ዘይቱ የሰነበተ ነበር፤ ሽታው ከሩቅ ይናገራል። ኦርቪል አንድ ጎርሶ ሹካውን አስቀመጠ። ጎን ያሉት ሰዎች ሳህናቸውን መለሱ።

«ዛሬስ ዓሣው አንደኛ ነው!» አሉ ካስፓር፣ እየጎረሱ።

ኦርቪል ቬሬናን አያት፤ እሷም ሳህኗን አየች። ከዚያ ኦርቪል እንደ ልማዱ ወደ ቀልድ ዞረ። «አንተ ሰውዬ፣ እኔኮ ካንተ አጠገብ ነው የምቀመጠው። የሁላችን ኩባያ ሲንኳኳ ይውላል፤ ያንተ ጸጥ። አታንቀሳቅሳቸውም እንዴ? ወይስ ቀይ መብራቱ እንቅልፍ ያመጣብሃል?»

«እኔ እንዳንተ አልደነባበርም፤ አንዴ ቀምሼ እለያለሁ» አሉ ካስፓር።

«ልክ በደረጃቸው ተደርድረው ይመጡልሃላ! ዕድለኛ ነኝ በላ!»

ሁለቱም ሳቁ። የካስፓር ሹካ ግን ትንሽ ጊዜ አየር ላይ ቆማ ነበር። ቬሬና አይታታለች፤ ልብ ግን አላለችም። ምነው ልብ ባለች!

ወደ ቤት ሲመለሱ መኪናውን የምትነዳው እሷ ነበረች። ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርሱ ደፈረች። «አባባ፣ የሚመጣው ማክሰኞ ዋናው ቅምሻ ነው። የራስዎ ፎርማጆ ስላለበት... ቢቀሩበትስ? ሰው "ለራሱ አደላ" እንዳይል።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ማንም አላለም። እንዲያው ነው የማስበው።»

«ስሚ ልጄ» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እናትሽ ከሄደች ወዲህ ጠዋት ተነስቼ ጢሜን የምላጨው ለዚያ ወንበር ነው። "ካስፓር ቀመሰው" ሲባል ነው ሰው የምሆነው። ከዚያ ካነሳችሁኝ ቤት ተቀምጬ ምን ልሠራ ነው? ግድግዳ ልይ?»

«አባባ፣ አፍንጫዎን...»

«አፍንጫዬ ምን ሆነ?»

አስፈሪ ጥያቄ ነበር፤ መልሱን ሁለቱም ያውቁታል። «ምንም» አለች መንገዱን እያየች። «ብርድ ነው፤ ይሸፋፈኑ ልልዎት ነው።»

ሰኞ ቀኑን ሙሉ ስታሰላ ዋለች። በልምምዶቹ ስድስቱ ቀማሾች የድንጋይ ቤቱን ብሪክ አንደኛ ወይ ሁለተኛ ነበር የሚያደርጉት፤ ቀሪዎቹም ተራቸው ከሞላ ጎደል ታውቋል። ስድስቱ ብቻቸውን ቢሆኑ ልዩነቱ ይወጣል፤ ግን ለጥቂት ነው። የአባቷ ረድፍ እንደ ዕጣው ነው፤ ዕጣው ከጣላቸው የአባታቸውን ቤት በገዛ እጃቸው ያዘጋሉ። ለፓዶክ ሄዳ «አባቴ አይሸታቸውም» ብትለው ቤቷ ትተርፍ ይሆናል፤ ሰውየው ግን አይተርፉም። በማግስቱ አገር ሁሉ «የካስፓር አፍንጫ አበቃ» ይላል፤ አንዳንዱም «ከመቼ ጀምሮ ነው ሲያታልሉን የኖሩት?» ይላል። አንጀቷ አልቻለም።

ስለዚህ የማታደርገውን አደረገች። ለስድስቱ ዕጣውን እንደ ደንቡ አወጣች። የአባቷን ሰሌዳ ግን በእጇ ደረደረችው፤ የድንጋይ ቤቱን ብሪክ በግራ ጫፍ፣ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን፣ የባሰውን በቀኝ ጫፍ። አባቷ ምንም ሳይነኩ ሲመልሱት ትክክለኛው መልስ ሆኖ ይመለሳል። ቤቷም ትተርፋለች፣ እሳቸውም ይከበራሉ። ማጭበርበር ነው፤ ታውቃለች። አሥራ ስምንት ዓመት ስትሠራ አንዲት ኩባያ ያላዛባች ሴት ናት። «ውሸት አይደለም» ብላ ራሷን አባበለች፤ «አፍንጫቸው ቢሠራ የሚሉትን ነው ያስቀመጥኩላቸው።» እንዲህ ሲባል ምንም ነገር ውሸት አይመስልም።

ማክሰኞ ካስፓር ጢማቸውን ተላጭተው፣ ክራቫት አስረው መጡ። ለፎርማጆ ቅምሻ ክራቫት! ኦርቪል ገና ከሩቅ አያቸውና «ሙሽራው መጣ! ዛሬስ እንዳይተኛብን፣ ኩባያውን እያንኳኳ!» ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው። ካስፓርም ሳቁ፤ ጆሯቸው ግን ቀላ። ገብተው ተቀመጡ፤ ቀዩ መብራት በራ። ከዚያ በኋላ መናገር ክልክል ነው። ለቀማሹም፣ ሰሌዳ ለምታስገባዋም።

ቬሬና የአባቷን ሰሌዳ አስገብታ መስኮቷን ሙሉ በሙሉ አልዘጋችውም። በስንጥቁ እጆቻቸውን ታያለች። የመጀመሪያውን ከፈቱ፤ የገዛ አባታቸውን ፎርማጆ። አኘኩት፤ ቆዩ፤ ተፉት። ብስኩት፣ ውሃ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን እንዲሁ። ሁሉንም በየቦታው መለሱና እጃቸውን ሰሌዳው ጠርዝ ላይ አሳረፉ። «በቃ» አለች በልቧ፤ «በቃ አባባ፣ ይመልሱልኝ።»

እጃቸው ተነሳ። የግራውን ኩባያ አነሱ፤ ዳር አስቀመጡት። የቀኙን አንስተው ግራ ጫፍ ከተቱት፤ ሰሌዳው ላይ ኳ ሲያደርጉት ጎን ላለው ሰው እንዲሰማ ነበር። መሐል ያሉትን ሁለቱን አቀያየሩ፤ ኳ፣ ኳ። ከዚያ ዳር ያስቀመጡትን፣ የአባታቸውን ብሪክ፣ አንስተው አንድ ጊዜ በጣታቸው ክዳኑን ዳሰሱትና ቀኝ ጫፍ፣ አራተኛው ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት። ኳ። የኦርቪል ቀልድ ገብቷቸው ኖሯል፤ እንዳይነቃባቸው ነው። ሰሌዳውን ሁሉ ገለበጡት።

ቬሬና አፏን በሁለት እጇ ያዘች። መጮህ አማራት። «አባባ አይሆንም!» ብትል ሁሉም ነገር ያበቃል፤ ዝም ብትልም ያበቃል። መስኮቷ ተከፈተች፤ ሰሌዳው መጣ። ከኋላው የአባቷ ፊት በቀዩ መብራት ውስጥ ታያት፤ ሥራውን በሚገባ የጨረሰ ሰው ፊት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ሆና አሰላችው። የሰባቱን ስትደምር ድምሮቹ ተጠጋግተው ቁጭ አሉ። የአባቷን ረድፍ አወጣችው፤ ልዩነቱ ፍንትው ብሎ ወጣ። መለሰችው፤ ጠፋ። አወጣችው፤ ወጣ። መለሰችው፤ ጠፋ። እንዲህ ስታደርግ ስንት ጊዜ እንደቆየች እሷም አታውቀውም። ስድስት ሰው ያየውን አንድ የታወረ ረድፍ ጋረደው፤ ያ ረድፍ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያን ፎርማጆ የሚወድ ሰው ረድፍ ነው።

በማግስቱ ፓዶክ ቀማሾቹን ሁሉ ሰበሰበ። ካስፓር ከፊት ተቀመጡ፤ ክራቫቷ ዛሬም አለች። ቬሬና ቆማ ያገኘችውን ተናገረች፤ ልዩነት አልታየም። አልታየም ማለት የለም ማለት እንዳልሆነ፣ ሰባት ቀማሽ ጥቂት እንደሆነ፣ መመዘኛው ማየት ያልቻለውን ነገር ከሌለ ነገር እንደማይለይ ጨመረች። ማን ይስማታል? ሥራ አስኪያጅ «አልታየም» ሲባል የሚሰማው «አንድ ናቸው» የሚለውን ነው። ሁሉም እንዲሁ ናቸው፣ በፓዶክ አልተጀመረም።

«አዝናለሁ ጋሽ ካስፓር» አለ፤ የምሩን ነው። ቀጥሎ ወደ ቬሬና ዞረ። «ከመዝጋቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ኋላ እንዳይጸጽተኝ። ከሰባቱ ጉንፋን የያዘው፣ አፍንጫው የታፈነ አልነበረም? በደንባችን የታመመ ቀማሽ ረድፉ ይወጣል፤ ቢኖር ንገሪኝ።»

በሩ ይሄው ተከፈተ። እውነት ነው፣ ደንብም ነው፤ ማጭበርበር አይባልም። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት። ኦርቪል ከኋላ አንገቱን አስግጎ ያያታል፤ «በያ ንገሪው» የሚል ይመስላል። የድንጋይ ቤቷ ጣሪያ ታያት፤ መደርደሪያው፣ አያቷ በመዶሻ የመቱት ምስማር ሁሉ ታያት። አፏን ከፈተች።

አባቷ ቀና ብለው አዩዋት። እንደዚያ ዓይነት ዓይን አይታባቸው አታውቅም፤ እናቷ ስትቀበር እንኳ። ልመና ነበር። ካስፓር የሚመስላቸው ነገሩ በስድስቱ ተወስኖ ያለቀ ነው፤ የሳቸው አንዲት ረድፍ ምን ልታመጣ? የለመኑት ቤታቸውን አልነበረም። ቤታቸው ሄዷል ብለዋል። የለመኑት ሰው ፊት እንዳታዋርዳቸው ብቻ ነው።

«ማንም አልታመመም» አለች ቬሬና። «ሁሉም ደህና ነበሩ።»

ኦርቪል ራሱን ነቀነቀና ቆቡን አድርጎ ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ ከሷ ጋር ብዙም አላወራም።

ቤቷ ክረምቱ ሳይገባ ተዘጋች። ጣውላውን አንድ የማዲሰን ሰው ለምግብ ቤቱ ግድግዳ ገዛው፤ አሮጌ እንጨት ያምርለታል አሉ። ሽታውን ግን አልፈለገውም። ስለዚህ ከመጫኑ በፊት ሠራተኞቹ መደርደሪያውን እያወረዱ አንድ በአንድ በበረኪና አሹት። ካስፓር «ልየው» ስላሉ ቬሬና ይዛቸው ሄደች። በሩን ስትከፍት በረኪናው ጉሮሮዋን ያዛት። ሠራተኞቹ አፍና አፍንጫቸውን በጨርቅ አስረዋል። ካስፓር እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በመሐላቸው እንደ ድሮው ይመላለሱ ጀመር።

«ቬሬና» አሉ ዞር ብለው። «ያን ዕለት መጨረሻ ያደረግኩት፣ አራተኛው ኩባያ... የቱ ነበር? አሁንማ ብትነግሪኝ ምን አለ? አልቋል።»

ሠራተኛው ጣውላ ተሸክሞ አለፈ። ቬሬና እስኪያልፍ ጠበቀች። «የፕላስቲኩ ነው አባባ» አለች። «ከሁሉም የባሰው የፕላስቲክ።»

«አላልኩሽም!» ፊታቸው ወገግ አለ፤ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲስቁ አላየቻቸውም። «አፌ ውስጥ ሳደርገው ነው የለየሁት! ይሄን የሠራ ሰው ማፈር አለበት ብዬ ነው የወረወርኩት። የኛውንስ? የኛውን አንደኛ አድርጌው ነበር?»

«አንደኛ አድርገውታል።»

«ታዲያስ! እኔስ የድርሻዬን አድርጌያለሁ። ሌሎቹ ናቸው ምላስ የሌላቸው። ያ ኦርቪል ነው፤ ይሄ ቀልደኛ፣ እሱ ነው ያበላሸብን!» ግድግዳው ጥግ ከቆሙት ጣውላዎች አንዱን፣ ገና ያልደረቀውን፣ በሁለት እጃቸው አንስተው ወደ ፊታቸው አስጠጉት። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ በረዥሙ ሳቡ። «እህ» አሉ። «ይሄውልሽ፣ የአባቴ እጅ ሽታ። አጥበውትም አልለቀቀም። ነይ እስቲ፣ አንቺም አሽቺው።»

ቬሬና ጎንበስ ብላ ፊቷን ጣውላው ላይ አደረገች። በረኪናው ዓይኗን አቃጠለው፣ እንባዋ በጉንጯ ወረደ።

«ይሸታል አይደል?»

«ይሸታል አባባ።»

እንባዋን አይተው ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አታልቅሺ» አሉና ጣውላውን እንደገና ወደ አፍንጫቸው መለሱት።